የጥንት ቤት ጥላ፤ ታሪካዊ ቤቶችን ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

ሰው የሚወደውን ሰው መልክ በፎቶግራፍ አንሥቶ ማስቀመጥን ከለመደ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሠርግ ሲሆን፣ ክርስትና ሲሆን፣ ልጅ ተምሮ ሲመረቅ፣ ቤተ ዘመድ ሁሉ በአንድነት ቆሞ ይነሣል፤ ሥዕሉም በመስተዋት ተከቶ ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ነገር ግን ያ ልጅ ያደገበት እልፍኝ፣ አባቱ የተቀመጠበት ወንበር፣ እናቱ የጸለየችበት ማዕዘን ሲነሣ አይታይም። ይህም የሆነበት ምክንያት ቤት ሁልጊዜ ባለበት የሚኖር ስለሚመስለን ነው። ቤት ግን እንደ ሰው ያረጃል፤ ይሸጣል፤ ይፈርሳል፤ ከፈረሰም በኋላ መልኩን ለልጅ ልጅ የሚነግር ምስክር ይጠፋል።

ስለዚህ ዛሬ በዚህ በቤተሰብ ገጻችን ልንጽፍ ያሰብነው የጥንት ቤቶችን፣ ይልቁንም ሙዚየም ሆነው የተጠበቁትን የታላላቅ ሰዎች ቤቶች፣ ውስጣቸውን እንዴት አድርጎ ፎቶግራፍ ማንሣት እንደሚገባ ነው። ነገሩ ለባለሞያዎች ብቻ የሚሆን ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን በአንድ ቤት ውስጥ ያለው ጥላ ከቤቱ ዕቃ እንደ አንዱ የሚቈጠር መሆኑን ያልተረዳ ሰው፣ ዕቃውን ሁሉ አንሥቶ ቤቱን ሳያነሣ ሊቀር ይችላል። ይህንንም እኛ በገዛ ስሕተታችን ስለ ተማርነው አስቀድመን ስሕተታችንን እንናገራለን።

አባታችን ካረፉ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ የኖሩበት አሮጌ እልፍኝ ግድግዳው ስላዘመመ እንዲፈርስ ከወንድሞቻችንና ከእኅቶቻችን ጋር ተማከርን። እልፍኙ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱም በምሥራቅ በኩል አንድ ብቻ፣ እርሱም ጠባብ ነበረ። በቀትር ከውጭ የገባ ሰው ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ጥቂት ቆሞ መጠበቅ ነበረበት። መጀመሪያ የአልጋው ጠርዝ፣ ቀጥሎ የወንበሩ መደገፊያ፣ ከዚያም የሣጥኑ የናስ ማዕዘን፣ በመጨረሻም በመስኮቱ ሥር የተዘረጋው የዳዊቱ ብራና ይታየው ነበር። እኛም በልጅነታችን ወደዚያ ስንገባ ድምፃችንን ዝቅ የምናደርገው ማንም አዝዞን ሳይሆን፣ ጥላው ራሱ ዝም በሉ የሚለን ስለሚመስለን ነበረ።

እልፍኙ ከመፍረሱ በፊት መታሰቢያ እንዲቀርልን ብለን አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ጠራንና «ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ እንዲታይ አድርገህ አንሣልን» ብለን አዘዝነው። እርሱም የታዘዘውን ፈጸመ። ሁለት ብርቱ መብራቶች በግራና በቀኝ አቁሞ፣ በካሜራውም ላይ ብልጭታ ጨምሮ አነሣው። ሥዕሉ በመጣልን ጊዜ የጐደለ ዕቃ አልነበረበትም፤ የምርጊቱ ስንጥቅ፣ የሸረሪቱ ድር፣ የግድግዳው ምስማር ሳይቀር ተለይቶ ይታይ ነበር። ለእናታችን ባሳየናቸው ጊዜ ትኵር ብለው አይተው «ይህ የማን ቤት ነው?» አሉና መለሱልን። እኛም ዓይናቸው ደክሞ ይሆናል ብለን ነገሩን አለፍነው። ከዚህ በኋላ እልፍኙ ፈረሰ፤ ያ ሥዕልም ብቻውን ቀረ። ጥፋቱ የእኛ የአዛዦቹ እንጂ የፎቶግራፍ አንሺው አልነበረም።

የእናታችን ጥያቄ ትርጓሜው የገባን ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ወደ ለንደን ከተማ በሄድን ጊዜ፣ በዚያ ያለውን የሰር ጆን ሶንን ቤት ጐብኝተን ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

ይህ ሰው በ1753 ዓ.ም. ከአንድ ጡብ ገንቢ ተወልዶ በትጋቱ ከፍ ያለ የሕንፃ ሊቅ ለመሆን የበቃ ነው። ከ1788 ጀምሮ እስከ 1833 ድረስ የእንግሊዝ ባንክ የሕንፃ ሹም ሆኖ ሠርቷል፤ በ1806ም በንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ የሕንፃ ትምህርት መምህር ሆኖ ተሾመ። ሊንከንስ ኢን ፊልድስ በሚባለው አደባባይ በሰሜኑ ወገን ቍጥራቸው 12፣ 13ና 14 የሆኑትን ሦስት ቤቶች ተራ በተራ እየገዛና እያፈረሰ፣ እንደ ልቡ አድርጎ እንደ ገና ሠራቸው። የመጀመሪያውን የገዛው በ1792 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ ቤቱን መለዋወጥና ማስፋፋት አልተወም። ከሮማና ከግሪክ የመጡ የእብነ በረድ ስብርባሪዎችን፣ የሰው ምስሎችን፣ የአስከሬን አመድ የሚቀመጥባቸውን ማሰሮዎች፣ መጻሕፍትንና ሥዕሎችን ሰብስቦ ከወለል እስከ ጣራ ድረስ ሞላው።

ወደዚህ ቤት የገባ ሰው በመጀመሪያ የሚያስደንቀው የዕቃው ብዛት ሳይሆን የብርሃኑ አኳኋን ነው። ሶን በወጣትነቱ ከ1778 እስከ 1780 በኢጣሊያ አገር ተዘዋውሮ ነበረና፣ ደመናማው የለንደን ሰማይ ለሰበሰበው እብነ በረድ የማይስማማው ሆኖ አገኘው። ስለዚህ በጣራው ላይ ባሉት መስኮቶች ቢጫ ቀለም የገባበት መስተዋት አደረገ፤ ግራጫው ብርሃን በዚያ ሲያልፍ እንደ ኢጣሊያ ፀሐይ ወርቃማ ሆኖ ይወርዳል። ጕልላቱ ባለበት ክፍል ብርሃኑ ከላይ ገብቶ በፎቆቹ መካከል እስከ ምድር ቤቱ ድረስ ይወርዳል፤ ወደ ታች በወረደ መጠንም እየቀነሰ ይሄዳል። ቍርስ በሚበላበት ክፍል ደግሞ ጣራው እንደ ተወጠረ መሐረብ ሆኖ ከግድግዳው ራቅ ብሎ የተሠራ ነው፤ ብርሃኑም ከዚያ ጣራ በስተ ኋላ ተሰውረው ካሉ መስኮቶች በግድግዳው ላይ ይፈስሳል። ተመልካቹ ብርሃኑን ያያል እንጂ ምንጩን አያይም። በየማዕዘኑ የተተከሉት ጥቃቅን ጐባጣ መስተዋቶችም ክፍሉን እያሳነሱ ደጋግመው ያሳዩታል። ሶን ይህን ዐይነት ብርሃን ምስጢራዊ ብርሃን የሚሉትን የፈረንሳይ ሊቃውንት በትምህርቱ ያመሰግን ነበር። እንግዲህ በዚያ ቤት ጨለማው በቸልታ የቀረ ሳይሆን እንደ ዓምዱና እንደ ጕልላቱ ታስቦ የተሠራ ነው።

የብርሃኑና የጨለማው ጥበብ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው ግን በምድር ቤቱ ውስጥ ነው። በዚያ የታላቁ ራምሴስ አባት የፈርዖን ሴቲ 1ኛ የሬሳ ሣጥን ይገኛል። ሣጥኑ ከአንድ የአልባስጥሮስ ድንጋይ የተፈለፈለና ርዝመቱ ከ2 ሜትር ተኩል የሚበልጥ ሲሆን፣ በውስጥም በውጭም የግብፅ ጽሕፈት ተቀርጾበታል። ቤልዞኒ የተባለው ኢጣሊያዊ ተመራማሪ በ1817 በነገሥታት ሸለቆ አገኘው፤ የብሪታንያ ሙዚየም ዋጋው በዝቷል ብሎ ስለ ተወው ሶን በ1824 በ2000 ፓውንድ ገዛው። በሚከተለው ዓመት በማርች ወር ሦስት ምሽት ግብዣ አድርጎ ከ800 የሚበልጡ እንግዶች ጠራ። ቤቱ በፋኖስና በሻማ ብቻ ተለኵሶ ነበር፤ በሣጥኑም ውስጥ መብራት ተደርጎ ነበር። አልባስጥሮስ ብርሃንን በመጠኑ የሚያሳልፍ ድንጋይ ስለ ሆነ ሣጥኑ ከውስጡ እንደሚነድ ፍም ሆኖ ታየ። ይህ ድንጋይ በቀትር ብርሃን ወይም በብርቱ መብራት ፊት ቢቀመጥ የሚታየው ቢጫ የድንጋይ ገንዳ ነው፤ በጨለማ ውስጥ ትንሽ ብርሃን ሲሰጠው ግን የንጉሥ ማደሪያ መሆኑ ይታወቃል።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፤ ስለዚህ ቤት በቤተሰብ ገጽ ላይ የምንጽፍበት ሌላ ምክንያት ደግሞ አለ። ሶን ከሚስቱ ከኤልዛ የወለዳቸው ሁለት ልጆች ጆንና ጆርጅ ለአካለ መጠን ደርሰው ነበር። አባታቸው የእርሱን ሞያ እንዲወርሱ፣ ቤቱንና ስብስቡንም እንዲጠብቁ ተስፋ ያደርግ ነበር፤ ነገር ግን አንዳቸውም ሞያውን አልፈለጉትም። ታላቁ ጆን ሕመምተኛ ሆኖ በ1823 ሞተ። ታናሹ ጆርጅ በወላጆቹ ፈቃድ ሳይሆን አገባ፤ ባለ ዕዳም ሆኖ ታሰረ፤ ከአባቱም ጋር በገንዘብ ምክንያት ክፉኛ ተጣላ። በ1815 ስሙን ሰውሮ አባቱ የሠራቸውን ሕንፃዎች የሚነቅፍና የሚያዋርድ ጽሑፍ በአንድ ጋዜጣ ላይ አወጣ። ታማ የነበረችው እናቱ ጸሐፊው የገዛ ልጅዋ መሆኑን ባወቀች ጊዜ እጅግ አዘነች፤ በዚያውም ዓመት በኖቬምበር ወር አረፈች። ሶን ከዚያ ወዲያ ልጁን እንደ እናቱ ገዳይ ቈጠረው፤ ጽሑፎቹንም ቈርጦ «በጆርጅ ሶን የተሰጡ የሞት ምቶች» የሚል ቃል ጽፎባቸው በመስተዋት ከቶ በቤቱ ሰቀላቸው።

በአባትና በልጅ መካከል ፈራጅ ሆነን ለመቆም አንሻም፤ ልጁ ጨካኝ እንደ ነበረ አባቱም ይቅር ለማለት የማይመች ልብ ነበረው። ነገር ግን የቤቱን ታሪክ የሚያውቅ ሰው በሥዕል ክፍሉ ውስጥ ሲቆም ልቡ ይነካል። ይህ ክፍል ትንሽ ሆኖ ሳለ ግድግዳዎቹ እንደ ሳንቃ በር እየተከፈቱ በስተ ኋላቸው ሌላ የሥዕል ረድፍ ያሳያሉ። በዚያ ከሚገኙት ሥዕሎች የሆጋርት ስምንት ሥዕሎች አሉ፤ እነርሱም ከአባቱ የወረሰውን ሀብት በቍማርና በስካር አባክኖ በመጨረሻ በእብዶች ቤት የወደቀ የአንድ ወጣት ታሪክ ናቸው። በ1802 በጨረታ በ570 ጊኒ የገዛቻቸው ወይዘሮ ኤልዛ ራስዋ ነበረች፤ በዚያን ጊዜ ልጆችዋ ገና ልጆች ነበሩ። በገዛችው ሥዕል ውስጥ የራስዋ ቤት ኀዘን አስቀድሞ የተሣለ መሆኑን ማን ሊነግራት ይችል ነበር?

ሶን ቤቱን ለጆርጅ ላለማውረስ ቈርጦ በ1833 ከእንግሊዝ ፓርላማ ሕግ አስወጣ። በዚህ ሕግ ቤቱና ስብስቡ እርሱ በሞተ ጊዜ እንደ ነበሩ በተቻለ መጠን ሳይለወጡ ተጠብቀው ለሕዝብ እንዲታዩ ተወሰነ። እርሱ በ1837 ካረፈ በኋላ ሕጉ ጸና፤ ዛሬም ቤቱ ሙዚየም ነው። ስለዚህ በዚያ የሚታየው ጥላ ሁለት ምንጭ አለው ለማለት እንችላለን፤ አንዱ የሊቁ ጥበብ፣ ሁለተኛው የአባቱ ኀዘን ነው። ይህን ቤት በብርቱ መብራት አጥለቅልቆ የሚያነሣ ሰው ሁለቱንም ያጠፋል።

እኛ በሥራችን የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለ ሆንን ነገሩን በምናውቀው ምሳሌ እንግለጸው። የሟች ንብረት ሲቈጠር «ወንበር አንድ፣ ሣጥን አንድ፣ መጽሐፍ አንድ» ተብሎ በመዝገብ ይጻፋል። ይህ መዝገብ እውነተኛ ነው፤ ያለ እርሱም ርስት አይከፈልም። ምስክር ቀርቦ ሟች እንዴት እንደ ኖረ ሲናገር የሚሰማው ቃል ግን ሌላ ነው። ፎቶግራፍም እንዲሁ ሁለት ዐይነት ነው። ለሙዚየሙ መዝገብ የሚነሣው ሥዕል እያንዳንዱ ዕቃ በሙሉ ብርሃን እንዲታይ ያስፈልገዋል፤ ዕቃ ቢሰረቅ ወይም ቢሰበር የሚፈለገው እርሱ ነው። ስለ ክፍሉ የሚመሰክረው ሥዕል ግን ክፍሉ በሚኖርበት ብርሃን መነሣት አለበት። እኛ በአባታችን እልፍኝ ያጠፋነው ምስክር ጠርተን ስናበቃ ቈጠራ ስላስጻፍነው ነው።

እንግዲህ አሠራሩን በአጭሩ እንናገር። ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ክፍሉ ገብቶ ካሜራውን ሳይከፍቱ እሩብ ሰዓት ያህል መቀመጥ ይገባል። የሰው ዓይን ጨለማን የሚለምደው በዝግታ ስለ ሆነ፣ በገቡበት ቅጽበት ጥቍር መስሎ የታየው ማዕዘን በኋላ ብዙ ነገር ይገልጻል። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ መጀመሪያ የሚነካው ነገር ምን እንደ ሆነ፣ የት ላይ እንደሚያበቃ ማስተዋል ነው። ቢቻል በጧትና በማታ ተመልሶ ማየት መልካም ነው፤ አንድ መስኮት በቀን ውስጥ ብዙ ክፍሎችን ይፈጥራልና።

ሁለተኛው ነገር የካሜራውን ጠባይ ማወቅ ነው። በካሜራ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ እንደ ሆነ አድርጎ ይገምታል። ስለዚህ ጨለማ ክፍል ሲያይ «ብርሃን አንሷል» ብሎ ሳይጠየቅ ያነጣዋል፤ ጥላውም ትቢያ መስሎ ይወጣል። ይህን ለመከልከል መለኪያው ካዘዘው ብርሃን በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ መቀነስ ያስፈልጋል። የሚለካውም ጥላው ሳይሆን ብርሃን የወደቀበት ቦታ ነው፤ ይኸውም የመጽሐፉ ገጽ፣ የምስሉ ግምባር፣ የወንበሩ ጫፍ ነው። እርሱ በደንብ ከታየ ሌላው በየደረጃው ወደ ጨለማ እንዲወርድ መተው ነው።

ሦስተኛው ነገር ቀለም ነው። የዛሬ ካሜራዎች ዋይት ባላንስ የሚባል የቀለም ማስተካከያ አላቸው፤ ይህም ለራሱ ከተተወ ቢጫውን ብርሃን ስሕተት መስሎት ወደ ነጭ ያርመዋል። የሶንን ቤት በዚህ አኳኋን ያነሣ ሰው ሊቁ ለዓመታት የደከመበትን የኢጣሊያ ፀሐይ በአንድ ቅጽበት አጥፍቶ የለንደንን ደመና ይመልስበታል። ስለዚህ ማስተካከያውን በቀን ብርሃን ልክ አጽንቶ ማቆየት፣ ሥዕሉንም ሮው በሚባለው ባልተነካው መዝገብ ማስቀመጥ የተሻለ ነው።

አራተኛው ትዕግሥት ነው። የሙዚየም ጠባቂዎች ሐርን፣ ምንጣፍን፣ ብራናንና በውሃ ቀለም የተሣለ ሥዕልን ከ50 ሉክስ በማይበልጥ ብርሃን፣ የዘይት ሥዕልን ደግሞ በ200 ሉክስ ገደማ ማሳየትን እንደ ደንብ ይዘዋል። በ50 ሉክስ ብርሃን፣ የካሜራው ብሌን ለኤፍ 8 ጠብቦና ብርሃን የመቀበል ኃይሉ በ100 ላይ ሆኖ ቢነሣ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ያስፈልጋል። ማቆሚያ በማይፈቀድበት ቦታ ብሌኑን እስከ ኤፍ 2.8 ከፍቶ፣ የመቀበል ኃይሉን ወደ 1600 አድርሶ፣ እንደ ሕጉ ከተፈቀደው ግድግዳ ወይም በር መቃን ተጠግቶ፣ ትንፋሽን ይዞ በሰከንድ 1/30 ገደማ ማንሣት ይቻላል። ሥዕሉ ጥቂት አሸዋ የተነሰነሰበት ቢመስልም አያስከፋም፤ ጨለማ ለዓይንም ቢሆን ፍጹም ልስልስ አይደለምና።

ስለ ብልጭታም አንድ ቃል እንጨምር። የአንድ ትንሽ ብልጭታ ጕዳት ጥቂት መሆኑን የመረመሩ ሰዎች ይናገራሉ። ነገር ግን ብርሃን በጨርቅና በቀለም ላይ የሚያደርሰው ጕዳት እንደ ዕዳ የሚጠራቀም ነው፤ በ50 ሉክስ ስምንት ሰዓት የቆየ ሐርና በ100 ሉክስ አራት ሰዓት የቆየ ሐር ዕዳቸው እኩል ነው። የደበዘዘ ቀለምም ተመልሶ አይመጣም። ከዚህም በላይ ብልጭታ በክፍሉ ያለውን ሰው ዓይን ያውካል፤ የተሰበሰበውን ልብ ይበትናል። ስለዚህ ወደ ማንኛውም ሙዚየም ከመሄድ በፊት ፈቃድ መጠየቅና ጠባቂው የሚለውን ያለ ክርክር መፈጸም የጨዋ ሰው ተግባር ነው።

በትዕግሥት የሠሩ ሰዎች ምን ዐይነት ፍሬ እንዳገኙ ለማወቅ የፍሬድሪክ ኤቫንስን ሥራ ማየት ይበቃል። ይህ ሰው በለንደን መጽሐፍ ሻጭ ሲሆን በ1898 ሱቁን ትቶ ራሱን ለፎቶግራፍ ሰጠ። የጥንት ካቴድራሎችን ውስጥ ሲያነሣ የተፈጥሮ ብርሃኑ እስኪመቸው ድረስ ይጠብቅ ነበር፤ ከተነሣም በኋላ ሥዕሉን በብሩሽ ወይም በእርሳስ ማሳመርን አይወድም ነበር። በ1903 በዌልስ ካቴድራል ያነሣው የደረጃዎች ሥዕል እስከ ዛሬ ይደነቃል። በዚያ ያለው በብዙ እግር የተበላ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ብርሃኑ በዝግታ ስለሚወጣበት ደረጃው እንደ ባሕር ሞገድ የሚነሣ ይመስላል።

ይህን ስንል ግን ሌላ ስሕተት እንዳይመጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንዳንዶች ጥላ ያምራል ሲባል የሰሙ ሰዎች፣ ብርሃን የሞላበትን ሰፊ አዳራሽ በኋላ በመሣሪያ አጨልመው ዋሻ ያስመስሉታል። ይህም መብራት ከማብዛት የማይሻል ሐሰት ነው። ሚዛኑ ያዩትን ማስታወስ ነው፤ በሥዕሉ ላይ ከዓይናችን የበለጠ ብርሃንም፣ ከዓይናችን የበለጠ ጨለማም ሊኖር አይገባም። ቅኔ የተማሩ አንባቢዎቻችን ነገሩን በቶሎ ይረዱታል፤ ወርቁ ያለ ሰሙ ቢነገር ቅኔነቱ ይቀራል፤ ወርቅ የሌለበት ሰም ደግሞ ተራ ነገር ነው።

የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ጥቅም ምንድን ነው የሚል ቢኖር በሪዮ ዴ ጃኔይሮ የደረሰውን ይመልከት። የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም አስቀድሞ የንጉሠ ነገሥታት መኖሪያ በነበረ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበረ። ሙዚየሙ በተመሠረተ በ200 ዓመቱ፣ በ2018 ሴፕቴምበር 2 ቀን ሌሊት እሳት ተነሥቶ ከስብስቡ አብዛኛውን በላው። በማግሥቱ በከተማው የሙዚየም ትምህርት የሚማሩ ተማሪዎች ሕዝቡን አንድ ነገር ለመኑ፤ ይኸውም ማንም ሰው በዚያ ቤት ውስጥ ያነሣው ፎቶግራፍ ቢኖረው እንዲልክላቸው ነበረ። ለጨዋታ ተብለው በጐብኚዎች እጅ የተነሡ ሥዕሎች በአንድ ሌሊት የታሪክ ምስክር ሆኑ። ሥዕል የሚያነሣ ሰው መቼ ብቸኛ ምስክር እንደሚሆን አያውቅምና፣ ሁልጊዜ ብቸኛ ምስክር እንደሚሆን አድርጎ ቢያነሣ መልካም ነው።

ከለንደን በተመለስን ጊዜ የአባታችንን እልፍኝ መልሰን ልናቆም አልቻልንም። ነገር ግን እናታችን አሁን በታላቅ ወንድማችን ቤት የሚኖሩበት ክፍል አለ፤ የአባታችንም ወንበር ከዚያ ገብቷል። ፈቃዳቸውን ጠይቀን አንድ ጧት መጋረጃውን እኩሌታ ገልጠን፣ መብራት ሳናበራ፣ ቡናቸውን እስኪጠጡ ድረስ ጠብቀን አነሣነው። በሥዕሉ ላይ የሚታየው የስኒው ጠርዝ፣ የነጠላቸው ጥለትና የእጃቸው ጀርባ ነው፤ ወንበሩ ከጥላው ውስጥ አንድ ክንዱ ብቻ ብቅ ብሏል። አትመን ባሳየናቸው ጊዜ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያም ጣታቸውን በጨለማው ቦታ ላይ አድርገው «አባታችሁ እዚህ ጋ ነበር የሚቀመጡት» አሉን።

ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎቻችን፤ አሮጌ ቤት ያላችሁ፣ ቤቱ ከመፍረሱ በፊት፣ አሮጌ ወላጆች ያሏችሁም ክፍሉ ባዶ ከመሆኑ በፊት፣ አንድ ጧት ለይታችሁ ተቀመጡበት። መብራቱን አጥፉ፤ መስኮቱን ተመልከቱ፤ ዓይናችሁ እስኪለምድ ጠብቁ። ልጆቻችሁንም አብራችሁ አስቀምጧቸው፤ ሥዕሉ ባይሳካ እንኳ ያ ቤት እንዴት እንደ ነበረ የሚናገር ሰው ይቀራልና።